ከዛር ጋር የተገባ ውል እንዴት ይፈርሳል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ዛር አለብኝ» የሚል ምእመን ሲመጣ ብዙዎቻችን ቀድመን የምንጠይቀው «ያንቀጠቅጥሃል ወይ?» ብለን ነው። ቢቀድም የሚሻለው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ምን ሰጠህ? ለማን ሰጠህ? መቼ መቼ ትሰጣለህ? ባትሰጥስ ምን ይደርስብሃል ተብለሃል? መንቀጥቀጡ ለዓይን ይታያል፤ ሰውየውን ዓመት ከዓመት አስሮ የሚይዘው ግን ውሉ ነው።

በጎንደርና በአካባቢው የባለ ዛር (የዛር ጉባኤ መሪ) ቤት ወግ ተራ አለው። ሕመምተኛዋ (አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት) መፍትሔ ያጣችለት ነገር ይዛ ትመጣለች፤ መካንነት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ልጅ እየሞተባት መቸገር። ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ሌሊቱን ከበሮ ይመታል፣ ተሰብሳቢው ያጨበጭባል። የየዛሩ ዘፈን በተራ ይዘፈናል፤ በአንዱ ላይ ሰውነቷ ሲነቃነቅ «ይኸው ተገኘ» ይባላል። ጉሪው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ ከወገብ በላይ መወዝወዝ፣ አንገትን ማሽከርከር፣ እያጓሩ በኃይል መተንፈስ፣ በመጨረሻም መውደቅ። ባለ ዛሯ «ማን ነህ? ከወዴት መጣህ? ምን አጠፋችብህ?» ብላ ትጠይቃለች። በሴትዮዋ አፍ የሚናገረው ይፎክራል፣ ስሙንም ይናገራል፤ ሰይፉ ጨንገር ወይም ራሄሎ ይሆናል። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ የእርሱ «ፈረስ» ናት።

ቀጥሎ ድርድር ነው። ቀይ ወይም ገብስማ ዶሮ፣ አቅም ካለ በግ፤ ዛሩ በመረጠው ቀለም ያለ ጨሌ፣ ቀለበት፣ ሽቶ፣ ልብስ። ደሙ ይፈስሳል፣ መሐላው ይገባል፣ ዓመታዊው ግብር ይቆረጣል። ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ውጣ» ያለው አንድ ሰው የለም። ባለ ዛር ዛርን አያወጣም፤ ያስታርቃል። ሕመሙ የሚቀልላትም ሴት ብትሆን የሚቀልላት እስከሚቀጥለው ግብር ነው። አንዳንዷ ደግሞ እየቆየች ራሷ ባለ ዛር ትሆንና የሌሎችን ዛር ታስታርቃለች።

በሽተኛ ሆኖ ገብቶ ፈዋሽ ሆኖ መውጣት የኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በሳይቤሪያ ኤቨንኪን በመሰሉ ሕዝቦች ዘንድ ሻማን የሚባለውም ብዙ ጊዜ ጥሪው በሕመም ይጀምረዋል፤ ከበሮውን እየመታ ከራሱ ይወጣል። ልዩነቱ አቅጣጫው ነው። ሻማኑ ነፍሱ ወጥታ ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው ዓለም እንደምትሄድ ይናገራል፤ በዛር ግን ሌላው መጥቶ በሰውየው ላይ ይሰፍራል።

ለዛር ዘመድ የሚያበጅለት አፈ ታሪክም አለ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ ቡዳ እንዳይበላቸው ፈርታ መልከ መልካሞቹን 15 ደበቀች፤ «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» ተባለ፤ እነርሱም ዛሮች ሆኑ ይባላል። ይህ ታሪክ በቅዱስ መጽሐፍ የለም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ርኩስ መንፈስን የአዳም ልጅ፣ የእኛም ወንድም ያደርገዋልና። ወንድም ከሆነ ደግሞ ማን ጨክኖ ያባርረዋል?

በ1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ጎንደር ላይ መልካም አየሁ በምትባል ባለ ዛር ቤት የነበረውን የዛር ጉባኤ ለወራት ተከታትሎ መዝግቧል። እርሱን የማረከው የቲያትር መልኩ ነበር፤ አንዷ ሴት ብዙ ዛሮች ይኖሯታል፣ እንደ ሁኔታው አንዱን ትታ ሌላውን ትለብሳለች። የውጭ ታዛቢ ያስተዋለውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ጉሪ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ራስን መሳት እንዳልሆነ፣ ልማድና ማስመሰልም እንደሚገባበት ያሳያልና።

ሰውነትም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። በኃይልና በፍጥነት ሲተነፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይቀንሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ይዞራል፣ ከንፈርና የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፣ እጅ ሊኮማተር ይችላል። አንገት ሲሽከረከር የጆሮ ውስጡ ሚዛን ይናወጣል። በዚህ ላይ እንቅልፍ አልባ ሌሊት፣ ባዶ ሆድ፣ ጫት፣ የታፈነ ቤት ጭስ ይደመራል። ስለዚህ «ጣቴ ደነዘዘ፣ ስለዚህ መንፈስ ገባብኝ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ይህ ግን የክፉ መንፈስን መኖር አያስክድም፤ ሰይጣን በሰው ድካም መጠቀም ልማዱ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም መንፈስን በመንቀጥቀጥ ለይ አላለንም። የበኣል ነቢያት ከጥዋት ጀምረው በመሠዊያው ዙሪያ ሲዘልሉ፣ ሰውነታቸውን በካራ ሲቈርጡ ውለዋል፤ መልስ ግን አልነበረም (1ኛ ነገ 18)። በፊልጵስዩስ የነበረችው የምዋርተኝነት መንፈስ ያለባት ልጅ ደግሞ ስለ ጳውሎስ የተናገረችው እውነት ነበር፤ ለጌቶቿም ብዙ ትርፍ ታገባ ነበር፤ እርሱ ግን ምስክርነቷን አልተቀበለም፣ መንፈሱን አስወጣው እንጂ (ሐዋ 16፥16-18)። «የነገረኝ ሁሉ ልክ ነው» ለሚሉ ሰዎች ይህ ምዕራፍ ይበቃል። በሌላ በኩል ቅዱስ ጴጥሮስ በሰገነት ላይ ሲጸልይ ተመስጦ መጥቶበታል (ሐዋ 10፥10)። ከበሮ አልመታም፣ ተመስጦውን አልጠራም፣ ድምፅ ሲመጣለትም «አይሆንም ጌታ ሆይ» ብሎ እስከ መመለስ ድረስ ልቡናው ከእርሱ ጋር ነበር። ሐዋርያው «የነቢያትም መናፍስት ለነቢያት ይገዛሉ» ያለውም ይህን ነው (1ኛ ቆሮ 14፥32)። ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር ሰውን ፈረስ አያደርግም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በጸበል ቦታና በየአዳራሹ ማይክሮፎን አስጠግቶ «ስምህ ማን ነው? ስንት ሆናችሁ ገባችሁ? ማን ላከህ?» እያሉ በካሜራ መቅረጽ ተለምዷል። ባለ ዛሯ የምትጠይቀውን ነው የምንደግመው። ጌታ ሌጌዎንን ስሙን ጠይቆታል (ማር 5፥9)፤ ከዚያ በፊት ግን አጋንንት እንዲናገሩ እንዳልፈቀደ ተጽፏል (ማር 1፥34)። «አክስትሽ ናት መተት ያደረገችብሽ» ያለው መንፈስ የሐሰት አባት ልጅ ነው፤ በእርሱ ቃል ስንት ቤተሰብ ተበትኗል! ቀረጻው ደግሞ የሴትዮዋን ነውር ለዘላለም ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጠዋል።

አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ዛር ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሴትዮዋ በራሷ አፍ ልትጠይቅ ያልቻለችውን ነው፦ አዲስ ልብስ፣ ሽቶ፣ ዕረፍት፣ ባሏ ዝቅ ብሎ እንዲያናግራት። «እኔ እፈልጋለሁ» ብትል የሚሰድባት ባል «ዛሩ ፈለገ» ሲባል ይገዛል። ውሉን ለማፍረስ የሚረዳ ካህን ባልየውንም አስቀምጦ ካላነጋገረ ሥራው ግማሽ ነው። ጌታ ባዶውን ቤት ተመልሶ ስለሚይዘው መንፈስ ያስተማረውን እናስታውስ (ሉቃ 11፥24-26)።

ውሉ በሚፈርስበት ጊዜ ንስሐው ዝርዝር ይሁን። «ባለ ዛር ቤት ሄጃለሁ» ማለት አይበቃም፤ የፈሰሰው ደም፣ የተማለው መሐላ፣ የተሰጠው ስም፣ የግብሩ ቀን በሙሉ ለንስሐ አባት ይነገር። ደብተራ ጽፎ የሰጠው ክታብ ካለ እርሱም ይገባበታል፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው ሰው መሆኑ ክታቡን አይቀድሰውም። ጨሌው፣ ቀለበቱ፣ ለዛሩ የተለየው ልብስና ስኒ ይውጣ። አይሸጥም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥም። በኤፌሶን መጻሕፍቱን ያቃጠሉት ሰዎች ዋጋቸው 50,000 ብር መሆኑን አስልተውም ወደ ገበያ አልወሰዷቸውም (ሐዋ 19፥19)። በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «የእናቴ ማስታወሻ ነው» ተብሎ አንድ ጨሌ ሣጥን ውስጥ ይቀራል፣ ወይም እናት ልጇ ሳታውቅ ዶሮውን ታርድላታለች። ቡና መጠጣቱ ኃጢአት አይደለም፤ ለቆሌ ተብሎ መሬት ላይ የሚፈስሰው ይቅር።

ጸበሉ በንስሐ አባት ምክር ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ቅዱስ ቁርባን ይከተል። መግረፍ፣ በሰንሰለት ማሰር፣ የበርበሬ ጭስ ማጠን ግን ክልክል ነው።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው «እምነት ካለህ ጣለው» አይባል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታል በድንገት ቢያቆም የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ይዞት ሊሞት ይችላል። መለየቱ ሁልጊዜ ቀላል ባይሆንም የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ጉሪ ከበሮና ተመልካች ይፈልጋል፣ ሲናገሩት ይሰማል፣ ምላስም እምብዛም አይነክስም። የሚጥል በሽታ ብቻን ሲሆኑ፣ እንቅልፍም ላይ ይነሣል፤ ምላስ ሊነከስ፣ ሽንት ሊያመልጥ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ መደናገርና ድካም ይከተላል። እንዲህ ላለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይረዳውም፤ በጎኑ አስተኝቶ ሰዓት መያዝ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

የግብሩ ቀን ሲደርስ ፍርሃቱ ይመለሳል፤ በወሩ ልጅ ቢያተኩሰው፣ ላም ብትሞት «ስላስቀረሁበት ነው» ያሰኛል። ያን ሳምንት ብቻዋን አትተው። ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ዋዜማው ላይ ዘመድ ወይም የሰንበቴ ማኅበርተኛ አብሯት ይደር፣ በማለዳ ቅዳሴ ትሂድ፣ ለዶሮው ታወጣው የነበረውን ገንዘብ ለነዳያን ትስጥ። በሁለተኛው ዓመትም ቢሆን ቀኑን ጠይቋት።