የኃይል ምህንድስና ኢንተርንሺፕ በሰሜን ሸዋ

ኢንተርንሺፕ የምህንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ከክፍል ወጥቶ በመሥሪያ ቤት ወይም በፋብሪካ የሚያሳልፈው የግዴታ የሥራ ልምምድ ነው። እዚህ የምናየው በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ዘርፍ የሚደረገውን ነው። ኦሮሚያ ውስጥም በዚሁ ስም የሚጠራ ዞን አለ፤ እሱ ሌላ ነው። የልምምዱ ማዕከል ደብረ ብርሃን ናት። በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ሰብስቴሽን (ከፍተኛ ቮልቴጅ ተቀብሎ ዝቅ አድርጎ የሚያከፋፍል ጣቢያ) አላት፣ ፋብሪካ አላት። ብርዱና ነፋሱም የትምህርቱ አካል ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አመጣጡ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ዛሬም ድረስ «መብራት ኃይል» ይላል። ያኔ ሙያው በአብዛኛው የሚተላለፈው እዚያው ሥራ ላይ፣ ከአንጋፋው ወደ ጀማሪው ነበር።

አሁን የምናውቀው ኢንተርንሺፕ መልክ የያዘው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። በ1998 ዓ.ም. በጀርመን ድጋፍ የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ተጀመረ። አንዱ ዓላማው የዩኒቨርሲቲውን ትምህርት ከኢንዱስትሪው ጋር ማገናኘት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በሩን ከፈተ። ለሸዋ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማሩ የሚያደርገውን አቅጣጫ ያዘ። «ሰባ ሠላሳ» የሚባለው ይኸው ነው። የምህንድስና ክፍሎች ሞሉ። ላቦራቶሪው ግን እንደ ተማሪው ቁጥር አላደገም። ትራንስፎርመርን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ በአካል የሚያገኘው ኢንተርንሺፕ ሲወጣ ሆነ።

በተከለሰው ሥርዓተ ትምህርት ልምምዱ አራተኛ ዓመት ላይ፣ አንድ ሴሚስተር ሆኖ ተቀመጠ። አንድ ሴሚስተር ለልምምድ ይበዛል የሚሉ መምህራን አሉ። ተማሪው ቁጭ ብሎ ከዋለ በርግጥ ይበዛል። ሥራ ላይ ከዋለ ግን ያንሳል እንጂ አይበዛም።

በ2006 ዓ.ም. የባለሥልጣኑ ተተኪ የሆነው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫውን፣ ከፍተኛ የማስተላለፊያ መስመሩንና ሰብስቴሽኑን ያዘ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስርጭቱንና ደንበኛውን ወሰደ። ለተለማማጁ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። የመጀመሪያው ጋ የደረሰው ብሬከር (መስመር የሚያቋርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) እና ሬሌይ (ብልሽት ለይቶ ብሬከሩን የሚያዘውን መሣሪያ) ያያል። ሁለተኛው ጋ የደረሰው ምሰሶ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪና የደንበኛ አቤቱታ ያያል። ብዙ ተማሪ ሰብስቴሽኑን ይመርጣል። ሁለተኛውን መናቅ ግን ስህተት ነው፤ መብራት የሚጠፋው በአብዛኛው እዚያ ነውና።

ቦታ ማግኘት

ተማሪው ከዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በር ማንኳኳት ነው። የሰው ኃይል ክፍል ይመልከተው፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ተመለሱ። ቀድሞ የሄደ ይቀድማል። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ወደዚያ ያመራል፤ የቤት ኪራይና የምግብ ነገር ስለሚቀልለት። የሌለው ደብረ ብርሃን ይቀራል። የቀረው ተጎዳ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ አንዱን ክፍል በርካታ ተለማማጅ ሲጋራው፣ እዚህ ጥቂት ሆነው ከባለሙያው ጎን መቆም ይችላሉ።

ሰብስቴሽን ውስጥ

የደብረ ብርሃን ሰብስቴሽን 132 ኪሎ ቮልት ይቀበላል፤ ዝቅ አድርጎ በ33 እና በ15 ኪሎ ቮልት ፊደሮች፣ ማለትም ከጣቢያው በሚወጡ የስርጭት መስመሮች፣ ያከፋፍላል። በምሰሶ ላይ ያለው የሰፈር ትራንስፎርመር ደግሞ ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። የተለማማጁ የመጀመሪያ ሥራ ማየት ነው፤ እጅ ወደ ኋላ።

ኦፕሬተሩ በየሰዓቱ ቮልቴጁን፣ አምፒሩንና ሜጋ ዋቱን አንብቦ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል። አሰልቺ ይመስላል። ግን መዝገቡን ገልጦ ያየ ልጅ የከተማዋን ኑሮ በቁጥር ያነበዋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ጭነቱ ሽቅብ ይወጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። በበዓል ዋዜማ ስንት ቤት አብሮ እንደሚጋግር ማሰብ ነው።

ቀጥሎ ግቢውን መዞር ይመጣል። የትራንስፎርመሩ የዘይት መጠንና ሙቀት ይታያል። መተንፈሻው ውስጥ ያለው ሲሊካ ጄል በተለመደው ዓይነት ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ሮዝ ከሆነ እርጥበት ጠጥቷል፤ ይቀየራል። ስኒው (ሽቦውን ከተሸከመው ብረት የሚለየው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ማገጃ) የተሰነጠቀ ወይም አቧራ የያዘ መሆኑ ይጣራል። ፊደር ትሪፕ ሲያደርግ፣ ማለትም በብልሽት በራሱ ሲቋረጥ፣ ሬሌዩ የጻፈው ምልክት ይነበባል። ኧርዝ ፎልት ካለ አንዱ ፌዝ (ኃይል ተሸካሚ ሽቦ) መሬት ነክቷል ማለት ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ባሕር ዛፍ ነው። ነፋስ ሲነሳ ቅርንጫፉ መስመሩ ላይ ይተኛል።

የጥገና ቡድን ጋር የወጣ ተለማማጅ አንድ ነገር ነፍሱ ውስጥ ይዞ ይመለሳል። መስመሩ ይቋረጣል። ተመልሶ እንዳይገባ ይቆለፋል። ኃይል አለመኖሩ በመሣሪያ ይረጋገጣል። ከዚያ ኧርዝ ይታሰራል፤ መስመሩ ከመሬት ጋር ይገናኛል ማለት ነው። የሥራ ቦታው ይከለላል። ከእነዚህ አንዱን የዘለለ ሰው በሕይወቱ ተጫወተ። «ዘግቼዋለሁ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም።

የአየሩ ነገር

ሰሜን ሸዋን ከሌሎች የልምምድ ቦታዎች የሚለየው ይህ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በተለምዶ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ተብለው ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ለትራንስፎርመር የውጭ ክፍተት፣ ማለትም ኃይል ባላቸው ክፍሎች ዙሪያ ለሚተወው የአየር ርቀት፣ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ይጨመራል። ለደብረ ብርሃን ይህ 18 በመቶ ገደማ ይሆናል። ማቀዝቀዣ አየሩም ቀጭን ስለሆነ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይደክማል። ክፍል ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ የታለፈ ነገር እዚህ በዓይን ይታያል።

ከዚያ በጣርማ በር ተሻግሮ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ነው። ላይ ጭጋግና ውርጭ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ላይ ሸዋ ሮቢት ደግሞ የቆላ ሙቀት። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሽቦ በብርድ ሲኮማተርና በሙቀት ሲረግብ ማየት ይቻላል። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በገንዘብ አይገነባም።

ነፋሱም ተስፋ ተደርጎበታል። የደብረ ብርሃን አካባቢ ለነፋስ ኃይል ሲጠና ቆይቷል። ነፋሱ ጠንካራ ነው፤ የአየሩ ጥግግት ግን ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። በእኩል የነፋስ ፍጥነት የሚገኘው ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተርባይን በአካል ማየት የፈለገ ወደ አዳማ ይሄዳል፤ እዚያ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት ጣቢያዎች አሉ።

ፋብሪካዎቹ

ብርድ ልብስ ፋብሪካው ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የቢራ ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2000ዎቹና ከዚያ በኋላ መጡ። በእነዚህ ሞተር፣ ቦይለር፣ ኮምፕረሰር፣ ተጠባባቂ ጄኔሬተርና ካፓሲተር ባንክ (የፋብሪካውን የኃይል አጠቃቀም የሚያሻሽል መሣሪያ) ይገኛል። አንዳንዱ ቦታ ተለማማጁን ፎቶ ኮፒ ያስነሳዋል፤ ጊዜ ማባከን ነው። ጥሩው ቦታ የተቃጠለ ሞተር አስፈትቶ ያሳየዋል።

ግምገማና ክርክሩ

ተማሪው ሎግቡክ (የዕለት ሥራ መዝገብ) ይሞላል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ፕሬዘንቴሽን ያቀርባል። የድርጅቱ ሱፐርቫይዘርና የዩኒቨርሲቲው አድቫይዘር ነጥብ ይሰጣሉ። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ሪፖርት የተለመደ ችግር ነው።

ተለማማጁ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ይሸፈናል ወይ የሚለው ያከራክራል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መልመድ ውልን ይቀበላል፤ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ተብሎ የሚደረግ ሌላ ግንኙነትን ግን ወደ ውጭ ያደርጋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የየትኛው ነው? በሁለቱም ወገን የሚከራከር ሊኖር ይችላል። ሄልሜትና ጓንት የመስጠት ግዴታ ግን ሊያከራክር አይገባም።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሷል። ከ2015 ክረምት ወዲህም በክልሉ ባለው ግጭት የመንገድና የኢንተርኔት መዘጋት የልምምድ ቦታን ገድቧል።

ከምርቃት በኋላ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ያልፋል። ከዚያ «ዜሮ ዓመት» የሚል፣ የሥራ ልምድ የማይጠይቅ ማስታወቂያ ፍለጋ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ኃይሉ መንዝና መርሐቤቴ ገጠር እንዲደርስ ግን የስርጭት መሐንዲስ ያስፈልጋል። መስመር ለመድረስ ጊዜ በሚወስድበት ቀበሌ ሶላር አማራጭ ነው። ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ስለዚህ የደጋው ቀዝቃዛ ፀሐይ ይስማማዋል። በሸዋ ሮቢት ቆላ ግን ፓኔሉ ብቻ ሳይሆን ባትሪውም በሙቀት ዕድሜው ስለሚያጥር፣ የሚቀመጥበት ክፍል አየር እንዲያገኝ ተደርጎ ከመጀመሪያው ይነደፋል።