ክላስ ሌላ፣ ሮል ሌላ

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለውን የኢንተርኔት ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ገና ሳይጫወት «ክላስ ምረጥ» ይባላል። ጌሙ በ2004 ሲወጣ 9 ክላስ ነበረው፤ ዛሬ 13 ደርሷል። ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ክላስ ማለት የገጸ ባሕሪው ሙያ ነው በሉት። ሮል ደግሞ በቡድን ውስጥ የሚሠራው ሥራ። ታንኩ የጭራቁን ዱላ ይቀበላል፣ ሂለሩ ያክማል፣ የቀሩት ይመታሉ። አምስት ሆነው ደንጀን (በቡድን የሚገባበት፣ ጭራቆች የሞሉበት ቦታ) ሲገቡ አንድ ታንክ፣ አንድ ሂለር፣ ሦስት መቺ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፓላዲን የሚባለው ክላስ ስፔክ (በክላሱ ውስጥ የሚመረጥ የሙያ ዘርፍ) እየቀየረ ሦስቱንም ሮል መሥራት ይችላል፤ ሜጅ የሚባለው ክላስ ግን መምታት ብቻ ነው የሚያውቀው። ስፔክ ይቀየራል፣ ክላስ አይቀየርም። ሌላ ክላስ ካማራችሁ አዲስ ገጸ ባሕሪ ፈጥራችሁ ከዜሮ መጀመር ነው።

ለጀማሪ የኔ ምርጫ ሀንተር (አዳኝ) የሚባለው ክላስ ነው። ከሩቅ ይተኩሳል፣ ያላመደውን አውሬ ያስከትላል፤ ድቡ ከፊት ሲናከስ እናንተ ከኋላ ተረጋግታችሁ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ትማራላችሁ። ክላሲክ የሚባለውን የድሮውን ስሪት ከመረጣችሁ ግን አውሬ የሚላመደው ሌቭል 10 ላይ ነው፤ እስከዚያ ብቻችሁን ናችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አውሬው «ግራውል» የሚባል ጭራቁን ወደ ራሱ የሚስብበት ችሎታ አለው። ብቻችሁን ስትጫወቱ በረከት ነው፤ ደንጀን ውስጥ ግን የታንኩን ሥራ ይሻማልና ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት፣ አለዚያ ስድቡን ቻሉት።