የ15 በመቶው ሕግ ሲብራራ

ስሪ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅበት ሕግ አለው። የቴክኒክ ሠራተኞቹ ከሥራ ጊዜያቸው 15 በመቶ ያህሉን ራሳቸው ላመኑበት ሐሳብ ማዋል ይችላሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ነፃ መሆን ይመስለዋል። አይደለም። የተመደበልህ ሥራ እንዳለ ነው፤ ሕጉ የሚሰጥህ አለቃህ ያላዘዘህን ነገር የመሞከር ፈቃድ ነው።

ግን ፈቃዱ ብቻውን ምርት አይሆንም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ድርጅቶች የሚሳሳቱት። የኩባንያው ኬሚስት ስፔንሰር ሲልቨር በ1968 ጠንካራ ማጣበቂያ ሲፈልግ፣ ተጣብቆ በቀላሉ የሚላቀቅ ደካማ ሙጫ አገኘ። ለምን እንደሚጠቅም ማንም አላወቀም፤ እሱ ግን ፋይሉን ዘግቶ አልተቀመጠም፣ ለዓመታት በየክፍሉ እየዞረ ለባልደረቦቹ ያስረዳ ነበር። በ1974 አርት ፍራይ የሚባል የሥራ ባልደረባው፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምር ነው፣ ከመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ምልክት ያደረገበት ወረቀት እየወደቀ ሲያስቸግረው ያ ሙጫ ትዝ አለው። በ1980 ፖስት ኢት የተባለው፣ ተለጥፎ በቀላሉ የሚነሳ የማስታወሻ ወረቀት ሆኖ በመላው አሜሪካ ለገበያ ቀረበ።

ኩባንያው ከ1951 ጀምሮ የተለያየ ክፍል ተመራማሪዎች ሥራቸውን እርስ በርስ የሚያሳዩበት መድረክም አለው። በእኔ እምነት ከ15 በመቶው ይልቅ መቀዳት ያለበት ይሄ ነው። መሥሪያ ቤትህ ውስጥ ያልተሳካ ሙከራ ካለ ምን እንደተሞከረ፣ ምን እንደተገኘና ማን እንደሚጠየቅ ጻፉት፣ ለሌላው ክፍልም አሳዩት።