ከሰሉ የት ሄደ? በኬሚካዊ ለውጥ ስለ መጠነ ቁስ እና ስለ ኢነርጂ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ብርዱ ሲበረታ ማንደጃው ከቤት አይጠፋም፤ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እስኪያልቅም ሙሉ የነበረው ከሰል ወርዶ እፍኝ አመድ ይሆናል። የማስተምራቸው ተማሪዎች ኬሚስትሪን የሚጀምሩት ይህን እያዩ ካደጉ በኋላ ስለሆነ፣ ስሕተታቸውም የሚነሣው ከዚሁ ማንደጃ ነው።

«የነደደ ነገር ይጠፋል።»
የሚጠፋ ነገር የለም። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ 12 ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ሲነድ ከአየር 32 ግራም ኦክስጅን ወስዶ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ስለዚህ ከማንደጃው ወጥቶ የሚሄደው ጋዝ ከነደደው ካርቦን ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል። አመዱ ከመጀመሪያውም መንደድ የማይችል የማዕድን ቅሪት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይዚዬ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቲን የተባለውን ማዕድን በታሸገ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አሙቆ ሲመዝነው ክብደቱ አልተለወጠም፤ ዕቃው ሲከፈት ግን አየር ገባና ክብደቱ ጨመረ። ልዩነቱ ያለው በመታሸጉ ላይ ነው።

«ዝገት ብረትን ያቀልላል።»
ዝገቱ ካልረገፈ ይከብዳል፤ የውሃውን ድርሻ ሳንቆጥር እንኳ 112 ግራም ብረት 48 ግራም ኦክስጅን ይጨምራል።

«ሙቀቱ የመጣው መጠነ ቁስ ወደ ኢነርጂ ተለውጦ ነው።»
መጠነ ቁስና ኢነርጂ አቻ መሆናቸውን የሚገልጸውን የአይንስታይንን ቀመር (E=mc²) የሰሙ ጎበዝ ተማሪዎች የሚያነሡት ጥያቄ ስለሆነ ደስ ይለኛል። 12 ግራም ካርቦን ሲነድ 394 ኪሎ ጁል (ኪሎ ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው) ገደማ ይለቀቃል፤ በቀመሩ ሲሰላ ይህ ከ4 ቢሊዮንኛ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ በትምህርት ቤት ሚዛን ፈጽሞ አይታይም።

«ኢነርጂ የሚወጣው የአቶሞች ትስስር ሲበጠስ ነው።»
ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ሲሆን፣ እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ትስስርን መበጠስ ኢነርጂ ይጠይቃል፣ አዲስ ትስስር ሲፈጠር ግን ኢነርጂ ይለቀቃል። ሁለት ሞል (በኬሚስትሪ የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ሃይድሮጅን ከአንድ ሞል ኦክስጅን ጋር ሲነድ ነባሩን ትስስር ለመበጠስ ወደ 1,370 ኪሎ ጁል ወጪ ይደረጋል፣ ውሃ ሲፈጠር ደግሞ ወደ 1,850 ኪሎ ጁል ይገኛል፤ የሚሞቀን ልዩነቱ ነው። ከሰልም ክብሪትና ማራገብ የሚፈልገው ለመጀመሪያው ወጪ ነው። ገቢው ከወጪው ሲያንስ ለውጡ ሙቀት ይወስዳል፤ የኖራ ድንጋይ ወደ ኖራ እንዲለወጥ እሳቱ ሳይቋረጥ መንደድ ያለበትም ለዚህ ነው።

«ከሰሉ ፍም ከሆነና ጭሱ ካቆመ ምንም አይወጣውም።»
ይህ ስሕተት ሕይወት ይቀጥፋል። በተዘጋ ክፍል ኦክስጅን ሲያንስ 12 ግራም ካርቦን 16 ግራም ብቻ አግኝቶ 28 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፣ በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ማንደጃ ይዞ በር ዘግቶ መተኛት አይገባም። በሙቀትም ቢታሰብ ኪሳራ ነው፤ ከ394ቱ ኪሎ ጁል የሚገኘው 111 ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው 283 የሚወጣው ጋዙ እንደገና ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነው። በፍሙ ላይ አልፎ አልፎ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው።