መግረዝ ምንድን ነው? ከመጎንደልስ በምን ይለያል?

ሰሞኑን አንድ ፎቶ አየሁ። ትልቅ ዛፍ ነው። ቅርንጫፎቹ ሁሉ መሐል ለመሐል ተቆርጠው ግንዱና የጭን ያህል የወፈሩ ጉማጆች ብቻ ቀርተዋል። አንድ ቅጠል የለም። ከሥሩ «ዛፋችን ተገረዘ» ይላል። ይህን ቃል እንዲህ ባለ ቦታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። በዚህኛው ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ያ ዛፍ አልተገረዘም፤ ተጎነደለ።

ሥራዬ ዛፍ ላይ ወጥቶ መቁረጥ ነው። ከሥራ ስመለስ ደግሞ እንጨት እቀርጻለሁ። ስለዚህ ዛፍን ከውጭም ከውስጥም አየዋለሁ። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የቆረጠው ቅርንጫፍ ምን እንዳስከተለ ማታ በመሮ ስፈለፍል አገኘዋለሁ።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ቃል አላነሰውም። የቁጥቋጦ አጥር ይከረከማል። ቅጠልና ጭራሮ ይመለመላል። ዛፍ ከሥሩ ይገነደሳል። ቅርንጫፍ ወይም ጫፍ ከመሐሉ ሲቀላ ይጎነደላል። መግረዝ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አንድን ቅርንጫፍ በምክንያት መርጦ፣ ዛፉ ቁስሉን ሊዘጋ በሚችልበት ቦታ ላይ መቁረጥ ነው። ምክንያትና ቦታ፤ ሁለቱ ካልተሟሉ ግርዘት የለም። ምክንያቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል፦ የሞተ፣ የታመመ፣ እርስ በርሱ የሚፋተግ፣ መንገድ የሚዘጋ። እሱን ልለፈው። ነገሩ የሚበላሸው ቦታው ላይ ነው።

ፎቶውን አይቶ «ምን አለበት? ዛፍ እንደ ፀጉር ነው፤ ሲቆርጡት ይበልጥ ያድጋል» ያለ ሰው አለ። ለዚህ ወንድሜ መልስ መስጠት እፈልጋለሁ፤ እሱ የተናገረውን ብዙ ሰው በልቡ ያስበዋልና። ፀጉር ሕይወት የለውም። ቢቆረጥ አይቆስልም። ቅርንጫፍ ግን ሕያው ነው። ውሃ ያሳልፋል፣ ስኳር ያወርዳል፣ ምግብ ያከማቻል። የተጎነደለ ዛፍ ብዙ ጊዜ ለምለም ቀንበጥ ማውጣቱ እውነት ነው። ግን ጤና ሆኖ አይደለም። ዛፍ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉን ሁሉ ስንወስድበት ያጠራቀመውን ስታርች አውጥቶ ከቅርፊቱ ሥር የተኙትን እምቡጦች ይቀሰቅሳል። ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን እየበላ ነው። ስንቁ ያነሰ ዛፍ፣ በተለይ ያረጀ ከሆነ፣ ከዚያ ላይነሳ ይችላል።

ቀንበጡ ራሱም እንደ ቅርንጫፍ አይታመንም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገ ቅርንጫፍ መነሻው በየዓመቱ በግንዱ እንጨት እየተሸፈነ እንደ ተቸነከረ ምስማር ጠልቆ ይገባል። ጣውላ ላይ የምናየው አንጓ እሱ ነው። አንጓ የመታ መሮ ያለው ሰው እንዴት እንደሚጠነክር ያውቃል። በጉማጅ ላይ የበቀለ ቀንበጥ ግን መጀመሪያ የሚይዘው የላይኛውን ስስ ቀለበት ብቻ ነው። እሱ ወደ ላይ ሲፈጥን ከሥሩ ያለው ጉማጅ ይበሰብሳል። ከዓመታት በኋላ የሰው ጭን አክሎ፣ አንድ ቀን ነፋስ ሲነሳ ከነመነሻው ተላጦ ይወርዳል። «አደጋ እንዳያመጣ» ተብሎ የተጎነደለ ዛፍ አደጋ የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኛ ቁስል ሲድን ሥጋው ይታደሳል። የዛፍ ቁስል ግን በዚያ መልኩ አይድንም። የተጎዳው እንጨት አይጠገንም፤ እዚያው ይቀመጣል። ዛፉ የሚያደርገው ዙሪያውን ማጠርና በላዩ አዲስ እንጨት መደረብ ነው። ይህን በደንብ ያሳየው አሌክስ ሺጎ የተባለ የአሜሪካ ደን አገልግሎት ተመራማሪ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ውስጣቸውን መረመረ። በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ዛፍ ብስባሴን በአራት ግድግዳ እንደሚያጥር አስረዳ።

ብዙ ክፍል ያለውን ቤት አስቡ። አንዱ ክፍል እሳት ተነሳ። ውሃ የለም፣ ማጥፋት አይቻልም። የቤቱ ሰዎች የሚችሉት በር መዝጋት ብቻ ነው። አንደኛው ግድግዳ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄደው ኮሪደር ላይ ይቆማል። ውሃ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ይደፈናሉ። ይህ ከሁሉም ደካማው ነው፤ ብስባሴ በግንዱ ቁመት ረጅም ሆኖ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ወደ መሐል እንዳይገባ በዕድገት ቀለበቶቹ ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ወደ ጎን እንዳይዞር ይከላከላል፤ ከሦስቱ የሚሻለውም እሱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ የነበሩ በሮች ናቸው፤ እሳቱ ሲነሳ ይቆለፋሉ። አራተኛው ግን አዲስ ነው። ዛፉ ከቆሰለ በኋላ በቅርፊቱና በአሮጌው እንጨት መካከል ይገነባዋል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ክፍል ሁሉ ከእሱ ውጭ ነው። ቤተሰቡ በተቃጠለው ቤት ዙሪያ አዲስ ቤት ሠርቶ መኖሩን ይቀጥላል። አሮጌው ቤት መሐል ላይ እንደ ነደደ ሊቀር ይችላል። ሆዱ ባዶ የሆነ ዛፍ አረንጓዴ ሆኖ ዘመናት የሚቆየው በዚህ መንገድ ነው። (ባዶ ዛፍ ሁሉ ይውደቅ የሚሉም አሉ። ልክ አይደሉም። የቀረው ጤነኛ ግድግዳ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ሳይለካ አይፈረድም።)

አራተኛው ግድግዳ ብስባሴን ለማገድ ከሁሉም ብርቱ ነው። አሮጌውንና አዲሱን እንጨት አጣብቆ ለመያዝ ግን ደካማ ነው። ይህን የተማርኩት ከመሮዬ ነው። አንድ ጊዜ ለገበታ ብዬ ያመጣሁትን ጉማጅ ስፈለፍል የጣት ጥፍር የማይሞላ ጥቁር መስመር ቀለበቱን ተከትሎ ሲዞር አየሁ። መሮውን አስጠግቼ አንዴ መታሁ። እንጨቱ መስመሩን ይዞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ለሁለት ተለያየ። ወደ መሐል ስከተለው የድሮ መጋዝ ምልክት አገኘሁ። አንድ ሰው ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር እኩል ላጭቶት ነበር።

እኩል መላጨት ሁለተኛው ስሕተት ነው። ንጹሕ ይመስላልና ብዙ ሰው ይወደዋል። ቅርንጫፍ ከግንድ የሚገናኝበትን ቦታ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ከታች በኩል አበጥ ያለ፣ እንደ ሹራብ አንገትጌ የተሸበሸበ ነገር አለ። ከላይ በብብቱ በኩል ደግሞ ሻካራ የቅርፊት መስመር አለ። አንገትጌው የግንዱ ነው። ለበሩ የሚሆነው መቀርቀሪያ የተዘጋጀውም እዚያ ውስጥ ነው። መቁረጫው ቦታ ከአንገትጌው ወዲያ፣ እሱን ሳይነኩ ነው። ላጭታችሁ ስትወስዱት በሩን ከነመቃኑ ነቀላችሁ ማለት ነው። ርቃችሁ ረጅም ጉማጅ ስታስቀሩ ደግሞ በሩ መሐል ግንድ አጋድማችኋል፤ አይዘጋም። በትክክል የተቆረጠ ቦታ ከጊዜ በኋላ ዙሪያውን እኩል ክብ ከንፈር ያወጣል። የተላጨው ግን በአብዛኛው ከግራና ከቀኝ ብቻ ያብጣል፤ ከላይና ከታች ክፍት ይቀራል።

ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ መጀመሪያ ከታች ሲሶውን፣ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል። ክብደቱ ከወደቀ በኋላ አንገትጌው ጋ ይጨረሳል። ያለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገፍፎ ይወርዳል። መሰላል ላይ ቆሞ ሞተር መጋዝ ማስነሳት ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ሳልጠየቅ ነው የምናገረው፤ ግን ሳልናገር አላልፍም።

ቀለምስ? ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ ቀቡት የሚሉ አሁንም አሉ። ብስባሴን አያቆምም። እርጥበትም ሊያፍን ይችላል። ይህ ምክር ከእኛ ከቀራጮች የመጣ ይመስለኛል። የተቆረጠ ጉማጅ ጫፉን ሰም ወይም ቀለም እንቀባለን፤ ከጫፉ በኩል ፈጥኖ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። ያ ለሞተ እንጨት ነው። ሕያው ዛፍ በሩን የሚዘጋው ራሱ ነው።

«ስንት ልቁረጥ?» ለሚል፣ በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ሩብ በላይ አለመውሰድ የተለመደ ልክ ነው። ላረጀ ዛፍ ከዚያም ያንሳል። ቁስሉ ከ5 ሳንቲ ሜትር ካልሰፋ ብዙ ዛፍ ይወጣዋል። ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ መቁረጡ የግድ መሆኑን ሁለቴ አስቡ። ዛፉን ማሳጠር ካስፈለገም ቅርንጫፉ በዘፈቀደ ቦታ አይቀላም። የሚቆረጠው የራሱን ውፍረት ሲሶ የሚያህል የጎን ቅርንጫፍ ያለበት ቦታ ድረስ ነው፤ ያ የጎን ቅርንጫፍ አዲሱ ጫፍ ይሆናል።

«ቡናስ ይጎነደል የለ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ያረጀ ቡና ይጎነደላል። ባሕር ዛፍም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እነሱ ከታች አዲስ ግንድ ማውጣት የሚችሉ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ የሚቆረጡ ዛፎችም አሉ። እዚያ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ድግግሞሹም ቀጠሮ አለው። ስድሳ ዓመት ሙሉ መጋዝ ሳይነካው የኖረን ዛፍ በአንድ ቀን አናቱን መቁረጥ ሌላ ነገር ነው።

ቀድሞ የተጎነደለ ዛፍ ያላችሁ ቀንበጦቹን በንዴት አትመልምሉ። ለጊዜው ምግብ የሚሠሩለት እነሱ ብቻ ናቸው። አንድ ሁለት ዓመት ተዉት። ከዚያ በየጉማጁ ላይ ጠንካራና በደንብ የተያዘ አንድ ወይም ሁለት ቀንበጥ ምረጡ። የቀሩትን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አሳሱ። የተመረጡት በየዓመቱ በሚደርበው አዲስ እንጨት ቀስ በቀስ ይታሰራሉ። የጉማጁን ጫፍ ግን በየጊዜው ወጥታችሁ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው አስወጥታችሁ፣ በእንጨት መዶሻ ጀርባ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ያን ቀንበጥ ከመክበዱ በፊት ማሳጠር አለባችሁ።