ኬፕ ምንድን ነው? ከደቡብ አውሮፓ ከባድ ውሽንፍር በስተጀርባ ያለው ቁጥር

በጁላይና በኦገስት ወራት የሰሜን ጣሊያንን ወይም የስፔንን ሰማይ የሚከታተል የአየር ትንበያ ባለሙያ ማለዳ ከሚመለከታቸው ቁጥሮች አንዱ ኬፕ ይባላል። ኬፕ ከመሬት አጠገብ ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ቢነሳ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያገኝ የሚያሳይ መለኪያ ነው። የሚለካውም ለአንድ ኪሎ ግራም አየር በሚደርሰው ጁል ነው።

አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። በውስጡ ያለው ተን ወደ ጠብታ ሲለወጥ ግን ሙቀት ስለሚለቅ፣ አየሩ በዙሪያው ካለው ይልቅ ሞቃት ሆኖ ይቆያል፤ ሞቃት እስከሆነ ድረስም መውጣቱን አይተውም። በየከፍታው ያለው ይህ ልዩነት ሲደመር ኬፕ ይገኛል። ለስሌቱ የሚያስፈልገው መረጃ ከማድሪድ፣ ከአጃክሲዮና ከኡዲኔ አካባቢ ከሚለቀቁ የመለኪያ ፊኛዎች ይሰበሰባል፤ በፊኛዎቹ መካከል ያለውን ሰፊ ቦታ የሚሞላው የኮምፒውተር ሞዴል ነው።

ቁጥሩ 2500 ሲደርስ ነገሩ ከባድ ነው። በስሌት ይህ ጉልበት አየሩን በሰከንድ 70 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወነጭፈዋል። በተግባር የዝናቡ ክብደትና ከዳር የሚቀላቀለው ደረቅ አየር ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይቀንሱታል፤ የቀረው ግን ትልልቅ በረዶ አየር ላይ ደግፎ ለማቆየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 2023 በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን በአዛኖ ዴቺሞ የወደቀው በረዶ ስፋቱ 19 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በአውሮፓ እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ከፍተኛ ኬፕ ማለት ውሽንፍር ይመጣል ማለት አይደለም። ከሰሐራና ከስፔን ደጋማ ሜዳ የሚነሳው ሞቃትና ደረቅ አየር ከባሕሩ በሚመጣው እርጥብ አየር ላይ ሲነጠፍ ድስት እንደሚከደን ይከድነዋል። ከታች ሙቀቱና እርጥበቱ ይጠራቀማል፣ ቁጥሩ ያሻቅባል፣ ሰማዩ ግን ጥርት እንዳለ ይውላል። ክዳኑ ሳይነሳ ቀኑ ሊመሽ ይችላል። የተራራ ተዳፋት ወይም የቀዝቃዛ አየር ግንባር ከሰበረው ግን ሲጠራቀም የዋለው ጉልበት በአንድ ጊዜ ይፈታል። በእኔ እምነት ከትንበያው ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ክዳን የት እና መቼ እንደሚሰበር መገመት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን ጠራራ ፀሐይ አይቶ «ተሳስተዋል» ማለት አደገኛ ነው።

የነፋሱም ነገር አለ። ከመሬት እስከ 6 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው ውስጥ ነፋሱ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ካልለወጠ፣ ደመናው በራሱ ዝናብ ታንቆ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይሞታል። ልዩነቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ሲሆን ግን ዝናቡ ከሚወጣው አየር ተለይቶ ይወርዳል፤ ደመናውም እየተሽከረከረ ለሰዓታት የሚዘልቅ ሱፐርሴል ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ እያወቁም ባለሙያዎች የሚቸገሩበት ቦታ ባሕሩ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 2022 ማለዳ ከምዕራብ የመጣ ውሽንፍር ኮርሲካን ሲመታ በማሪኛና በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ ተለካ፤ በደሴቲቱ 5 ሰዎች ሞቱ። ከወትሮው አብልጦ የሞቀው ባሕር ለአየሩ ሙቀትና እርጥበት ሲመግበው ሰንብቷል፤ ሞዴሎቹ ግን የነፋሱን ኃይል አላዩትም፣ ማስጠንቀቂያውም ከፍ የተደረገው ጥፋቱ ከጀመረ በኋላ ነው። ድንኳን ውስጥ ለነበሩት ጊዜ አልቆ ነበር።

ባሕር ላይ ፊኛ የሚለቅ ጣቢያ የለም ማለት ይቻላል። ይህን ክፍተት ለማጥበብ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2025 ወደ ጠፈር የተላከው የአውሮፓ ሳተላይት፣ ደመና በሌለበት ሁሉ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት በየከፍታው፣ በአውሮፓ ላይ በየ30 ደቂቃው እንዲለካ ተሠርቷል።