ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ፦ ፍቅርና አድማ በጥጥ ፋብሪካ

ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ ቢቢሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ላይ ማሳየት የጀመረው ባለ 4 ክፍል ድራማ ነው። መነሻው የኤሊዛቤት ጋስኬል ልቦለድ ሲሆን እሱም በ1854 ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መፅሄት ላይ በየሳምንቱ መውጣት የጀመረ ነው። ለቲቪ የፃፈችው ሳንዲ ዌልች፣ ዳይሬክተሩ ብራያን ፐርሲቫል።

ታሪኩ እንዲህ ነው፣ የዋናዋ ገፀ ባህሪ የማርጋሬት አባት የገጠር ቄስ ናቸው፣ ህሊናዬ አልፈቀደም ብለው ቅስናውን ይተዉና ሚስትና ልጃቸውን ይዘው ከደቡብ እንግሊዝ ወደ ሚልተን ይሄዳሉ። ሚልተን የፈጠራ ከተማ ብትሆንም ማንቸስተር ናት ማለት ይቻላል፣ ጋስኬል ራሷ እዛው ስለኖረች ጭሱንም ድህነቱንም በወሬ አይደለም የምታውቀው።

ማርጋሬት የፋብሪካውን ጌታ ጆን ቶርንተንን መጀመሪያ የምታየው ሰራተኛ ሲደበድብ ነው፣ ሰውዬው ፋብሪካ ውስጥ ሲያጨስ ተይዞ ነው፣ የጥጥ ብናኝ አየሩን በሞላበት ቤት አንድ ክብሪት ስንቱን እንደሚፈጅ ግን ለሷ ማን ይንገራት። ይሄ ሲን መፅሀፉ ላይ የለም፣ ለድራማው የተጨመረ ነው፣ ጥሩ ነው የጨመሩት።

የመደቡ (የክላሱ) ነገር ደሞ ደስ የሚል ውስብስብ ነው። እሷ ድሃ ናት ግን ጨዋ ቤተሰብ፣ እሱ ሀብታም ነው ግን አባቱ ከስሮ ራሱን ያጠፋ፣ በልጅነቱ ሱቅ ተቀጥሮ የአባቱን እዳ የከፈለ ሰው ነው፣ ስለዚህ ማን ማንን እንደሚንቅ ግራ ይገባል። በተለይ እናቱ (ሲኔድ ኩዛክ) በልጇም በፋብሪካውም አትደራደርም፣ ለኔ ቶርንተንን ሆኖ ከሚተውነው ከሪቻርድ አርሚቴጅም በላይ ድራማውን የያዘችው እሷ ናት።

ከዛ አድማው ይመጣል። በእውነተኛው ታሪክ በ1853 እና 54 የፕሬስተን ከተማ የጥጥ ሰራተኞች 10 በመቶ ጭማሪ ጠይቀው ለወራት ስራ አቁመው በመጨረሻ ተሸንፈዋል፣ የጋስኬል መፅሀፍ የወጣው ልክ ከዛ በኋላ ነው። ድራማው ላይ አድማውን የሚመራው ሂጊንስ የሚባል የፋብሪካ ሰራተኛ ነው፣ ልጁ ቤሲ ሳንባዋ በጥጥ ብናኝ አልቆ ትሞታለች። ቶርንተን በአድመኞቹ ምትክ ከአየርላንድ ሰራተኛ ሲያስመጣ ህዝቡ ግቢውን ጥሶ ይገባል፣ ማርጋሬት ቶርንተን ፊት ቆማ ለሱ የተወረወረው ድንጋይ እሷን ይመታታል፣ በነጋታው ላግባሽ ሲላት ደሞ እምቢ።

ሚልተን ሆና የምትታየው በአብዛኛው የስኮትላንዷ ኤዲንብራ ናት፣ የማሽኖቹ ቀረፃ ግን ሰሜን እንግሊዝ በርንሊ ከተማ ያለው ኩዊን ስትሪት የሚባል የድሮ የሽመና ፋብሪካ ውስጥም ተሰርቷል።

መጨረሻውን ያላያችሁ እዚህ ጋ አቁሙ። መፅሀፉ ለንደን ቤት ውስጥ ያልቃል፣ ድራማው ግን ባቡር ጣቢያ በመሳሳም፣ በ1850ዎቹ ያላገባች የቄስ ልጅ በአደባባይ እንዲህ ማድረጓ የማይመስል ነገር ነው ግን ማንም አይከፋውም። የሚገርመው ከመሳሳሙ በፊት ያለው ወሬ ንፁህ ቢዝነስ መሆኑ ነው፣ እሱ ከስሮ ፋብሪካውን ዘግቷል፣ እሷ ውርስ አግኝታ ብር ላበድርህ እያለችው ነው። በዛ ዘመን ህግ ደሞ ሴት ስታገባ ብሯ የባሏ ነው የሚሆነው፣ የተለየ ውል ካልተፃፈ በቀር፣ ስለዚህ ብድሩ መመለሱ ያጠራጥራል።